ቁጡ ቁስል

በባሂያ ደቡብ፣ በካካዎ ጥላ፣
ጭቃ እግር ጨብጦ በማይለቅበት ቆላ፣
ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ የጤና ጣቢያ በር፣
አንዲት ማይክሮስኮፕ፣ አንድ ሰባራ ወንበር፤
እኔ ኤዲሌውዛ፣ ቀለም በጥባጭ፣
አሥራ ስድስት ዓመት መስታወት ላይ አፍጣጭ።

ማክሰኞ በጠዋት ዡራንዲር መጣ፣
ሱሪውን ጠቅልሎ፣ ላቡ እየወጣ፤
ቅልጥሙ ላይ ጉድጓድ፣ የጠርሙስ ክዳን ልክ፣
ዳሩ እንደ ቀለበት ያበጠ፣ ቀይ መልክ።

«አራት ወሩ» አለኝ፤ «መጀመሪያ ለታ
ትንኝ መስሎኝ ነበር፣ አከክሁት ለአንዳፍታ።
አማቴ ባሩድ ነስንሳ ለኮሰችው፣
ምን አባቴ ልሁን፣ ምን ያልሞከረችው!
ስንት ሺህ ቢሆኑ ነው እንዲህ የሚቆፍሩኝ?
ሁሉንም ግደይልኝ፣ ሳይጨርሱ ሳይቀብሩኝ።»

ዳሩን ፋቅ አድርጌ መስታወት ላይ ቀባሁ፣
ቀለም አጠጣሁት፣ እስኪደርቅ ጠበቅሁ።
ሦስት ሰዓት ሙሉ ከመስክ መስክ ስሻገር
ያየሁት ሠራዊት የጠላት አልነበር፤
ነጭ የደም ሕዋስ ነው፣ እንደ ገበያ ሰው
ሲገፋ፣ ሲጋፋ፣ አንዱ አንዱን ሲያለብሰው፣
የሞተው በሞተው ላይ ተነባብሮ፣
ሐምራዊ አቧራ፣ የፈረሰ ጓሮ።
ጥገኛውስ? ሦስት። ደግሜ ቆጠርኩ፤ ሦስት።
ጥግ ይዘው የተኙ ከአንድ ሕዋስ ሆድ ውስጥ።

ሀገሬው ሲጠራው «ቁጡ ቁስል» ይላል፤
የተቆጣው ማነው? ይህን ማን ጠይቋል?

ቁጣው ያንተው ነው፣ ዡራንዲር። የገዛ ደምህ።
ያች የአሸዋ ዝንብ ማታ ስትወጋህ፣
ገና ክንፏን ሳትዘረጋ ደወል ተደወለ፤
ከየደም ሥርህ ዘበኛ ዘለለ፣
ፊደል ያልቆጠረ፣ ማንም ያላሠለጠነው፣
ከእናትህ ሆድ ጀምሮ አብሮህ ያለ ነው።
ማነህ ሳይል ይውጣል፤ ከዋጠም በኋላ
ይፈነዳል፣ መርዙን ይረጫል በመላ፤
ሥጋህን ይንካ ሌባውን፣ መች ለይቶ ያውቃል?
ሌባው ግን ብልጥ ነው፤ በዋጠው ሆድ ያደፍጣል፤
ሬሳ አንሺው ሲመጣ፣ ሬሳውን ሲከትል፣
እሱም አብሮ ገብቶ፣ ደወል ሳይደወል፣
ከውስጠኛው እልፍኝ አልጋ ይዞ ያድራል።

ዝም አለ። ቆይቶ ሳቀ፣ ሳይደሰት።
«ልጅ ሳለሁ» አለኝ፣ «አንድ ሌሊት፣
ካካዎ የሰረቀ ሰፈር ገባ ተባለ፤
የጌትየው ዘበኛ ችቦ እያንቀለቀለ
መጣና አሥራ አንድ ጎጆ አነደደ።
ሁለት አሳማ፣ የአጎቴ አኮርዲዮን ነደደ።
ሌባው? የዘበኛ ባርኔጣ ደፍቶ
ከእነሱ ጋር አየሁት፣ ውሃ ሲጠጣ፣ ረክቶ።»

ትንሽ ቆየና፦ «ታዲያ ዘበኛውን ላባረው?»

እንዳታደርገው!
ባለፈው ዓመት ኦስሚንዶ የሚባል ሽማግሌ፣
ለጉልበቱ ሕመም፣ ከአንዱ ሱቅ፣ በዱቤ፣
ቁጣ የሚያበርድ ኪኒን ሲውጥ ከርሞ መጣ።
ቁስሉ አልቀላ፣ አልጮኸ፣ አልተቆጣ፤
መስታወቱ ላይ ግን ጥገኛው እንደ አሸዋ!
ጸጥ ያለ ቤት ሁሉ ሰላም አይደለማ።
ልኩ የቱ ጋ ነው? እኔ እንጃ።
ዶክተሩም ሲጠየቅ ጣሪያ ያያል እንጂ...

ሃያ መርፌ ታዘዘ። ሃያ ጠዋት በበቅሎ
መጣ፣ ተወጋ፣ ሄደ፣ መገጣጠሚያው ዝሎ፤
በሐምሌ ጉድጓዱ ተዘጋ፤ ጠባሳው ስስ፣
እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሚያብለጨልጭ፣ ለስላስ።

ትናንት ተመለሰ፣ ማርሊያኒን ይዞ፣
ስድስት ዓመቷን ልጁን፣ ትከሻው ላይ አዝሎ።
ከጆሮዋ ጀርባ ምስር የምታህል እብጠት፤
ቀይ አይደለች፣ አታምም፣ የለባትም ቁጣ ምልክት።
«ትንኝ ናት፣ አይደል?» አለኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ።
አጎነበስኩ ወደ እሷ፣ ጆሮዬን አስጠግቼ፣
ከቆዳዋ ሥር ደወል የምሰማ ይመስል።